ድርቅ ደግነትን ያስተምራል ወይ?

ጊድር መጋላ ሥጋ ተራ በራፍ ላይ ሩብ ሰዓት የቆመ ሰው የጭልፊትን ፍልስፍና ያለ መምህር ተምሮ ይወጣል። ሥጋ የገዛ ሰው ፌስታሉን አንጠልጥሎ ብቅ ሲል ከጣራው ጫፍ አንዷ ትወረወርና፣ ሰውየው ጠንቃቃ ካልሆነ፣ ነጥቃው ትሄዳለች። ሌላዋ እሷን ታባርራለች። ሁለቱ ሲጓተቱ የወደቀውን ደግሞ ሦስተኛዋ መሬት ሳይነካ ትለቅመዋለች።

አንድ ቀን እዚያው ቆመን ስናይ ከመካከላችን አንዱ፣ «ይኸውላችሁ ተፈጥሮ!» አለ። «ክንፍ ያለው ይበላል፣ የሌለው ያያል። መረዳዳት የምንለው የጠገበ ሰው ወሬ ነው። ድርቅ ይምጣና ማን ለማን እንደሚያካፍል እናያለን።» ሌላው አላስጨረሰውም፦ «ተገላቢጦሽ ነው እንጂ! ሰው የሚተዛዘነው ሲቸግረው ነው። ጠግቦ ያካፈለ ማን አየህ? ቤተ ሰቦቻችን የሰባ ሰባቱን ሲያወሩ የሚያነሱት እኮ አንድ ቁራሽ ለአምስት መካፈላቸውን ነው።»

ክርክሩ ሻይ ቤት ገባ፣ ከሻይ ቤት መኝታ ክፍል ገባ፣ ሌሊቱን አጋመሰ፤ እንደ ልማዳችን ማንም አልተረታም። ሲነጋ ግን አንድ ነገር ታየን። ሁለቱ ተከራካሪዎች የተጣሉ ይምሰሉ እንጂ በዋናው ነገር ተስማምተዋል፤ ድርቅ አስተማሪ ነው ብለዋል። አንዱ ክፋትን ያስተምራል አለ፣ ሌላው ደግነትን። ትምህርቱ የሚሰጠው በችግር ቀን መሆኑን ግን ሁለቱም አልተጠራጠሩም። እኛ እዚህ የምንጠራጠረው እሱን ነው።

ጥያቄውን ወደ ወፎች የምንወስደው ከሰው ለመሸሽ ብለን አይደለም። ስለ ሰው ስናወራ ሁላችንም ጠበቃ ነን፤ የራሳችንን መንደር ለጋስ፣ የማዶውን ስስታም እናደርጋለን። ስለ ወፎች ግን እግራቸው ላይ ቀለበት እያሰሩ ለአሥርና ለሃያ ዓመታት የተከታተሉ ሰዎች አሉ። ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ለማን ጫጩት ትል እንዳመጣ፣ ዝናቡ በቀረበት ዓመት ማን ማንን እንደተወ መዝግበው ይዘዋል። የሰፈራችንን ሰዎች እንዲህ አድርጎ የመዘገበ የለም። ደግሞም ጭልፊት የወፍ ሁሉ ወኪል አይደለችም።

ከሐረር ወጥተን ወደ ባቢሌ ቆላ ስንወርድ፣ ግራሩ መበርከት ሲጀምር፣ መንገድ ዳር መሬት ላይ እየተራመደች የምትለቅም አንዲት ወፍ አለች። ራሷ ጥቁር፣ ጀርባዋ የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ፣ ሆዷ የሸክላ ቀይ ነው፤ ደረቷ ላይ ነጭ መቀነት የመሰለ መስመር አላት፣ ዓይኗም ነጣ ያለ ነው። ከዚህ ተነሥታ ሶማሌን፣ ኬንያንና ታንዛኒያን ይዛ ትኖራለች። እንግሊዞቹ ሱፐርብ ስታርሊንግ ይሏታል። ለሰው ዓይን ጌጥ ናት፤ እኛን የሳበን ግን ጌጧ ሳይሆን ቤቷ ነው። እሾሃማ ግራር ላይ በሠራችው ጎጆ ውስጥ ያሉትን ጫጩቶች የሚመግቡት እናትና አባት ብቻ አይደሉም። ሌሎችም አሉ። ራሳቸው ያልወለዱ፣ ግን አንበጣና ትል እየለቀሙ የሰው ልጅ (የወፍ ልጅ ማለት ይሻል ነበር) የሚያበሉ።

እንዲህ ጫጩትን በኅብረት የሚያሳድጉት ከዓለም የወፍ ዝርያዎች ከመቶ ዘጠኙ ያህል ናቸው። አሜሪካዊው አሌክሳንደር ስከች እ.ኤ.አ. በ1935 በመካከለኛው አሜሪካ ያያቸውን ጎጆ ላይ ረዳቶች በጽሑፍ ካወጣ ወዲህ የሥነ ፍጥረት ሊቃውንት እንቅልፍ አጥተዋል። የዳርዊን ሂሳብ እያንዳንዱ ለራሱ ዘር ይሮጣል የሚል ነውና፣ ለሌላው ልጅ የሚሮጠው ምን ነክቶት ነው? ዊልያም ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ1964 አንድ መልስ ሰጠ፦ ዘመድህን ከረዳህ በእሱ ውስጥ ያለውን የራስህን ድርሻ ረዳህ። ሮበርት ትራይቨርስ እ.ኤ.አ. በ1971 ሌላ መልስ ጨመረ፦ ዘመድ ያልሆነውንም ብትረዳው፣ ነገ በተራው የሚረዳህ ከሆነ አትከስርም። ሁለቱም መልሶች ብልህ ናቸው። ሁለቱም ስለ ድርቅ ምንም አይሉም።

ስለ ድርቅ መናገር የጀመሩት ሜዳ ወርደው ዝናብ የለኩት ናቸው። ስቲቨን ኤምለንና ፒተር ሬጅ በኬንያ ስምጥ ሸለቆ፣ በናኩሩ አካባቢ፣ ገደል ላይ ጉድጓድ እየቆፈረ የሚኖር ግንባረ ነጭ ንብ በል ወፍ ለዓመታት አጠኑ። ያገኙት ነገር የሁለተኛውን ጓደኛችንን ክርክር የሚደግፍ ይመስላል፤ ዝናብ ባነሰበት ወቅት የራሳቸውን ጎጆ ትተው የሌላውን የሚረዱ ወፎች ይበዛሉ። «አላልኳችሁም?» አለን ይህንን ስንነግረው። ችግር ሲመጣ መረዳዳት ጨመረ!

ቆይ እንጂ። ለምን ጨመረ ብለን እንጠይቅ። ዝናብ ሲያንስ ነፍሳት ያንሳሉ፤ ነፍሳት ሲያንሱ አዲስ ጎጆ የወጣ ወጣት ወፍ ብቻውን ከሚስቱ ጋር ጫጩት አሳድጎ ሊያወጣ አይችልም። ስለዚህ ይቀራል። መሄጃ አጥቶ የቀረ ልጅ አባቱ ቤት ይሠራል። ከዚህም የባሰ አለ። እነዚሁ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጡት ጥናት፣ አባትየው የልጁን አዲስ ትዳር እየሄደ እንደሚበጠብጥ አሳይተዋል። ልጅየው ለሚስቱ ምግብ ሊያቀብል ሲል መሀል ይገባል፣ የጉድጓዱ በር ላይ ቆሞ አላስገባም ይላል፣ እስኪሰለቸው ድረስ። ልጁ በመጨረሻ ትዳሩን ትቶ ወደ አባቱ ጎጆ ተመልሶ ታናናሾቹን ይመግባል። ከሩቅ የሚያይ ሰው «እንዴት ያለ የተባረከ ልጅ ነው!» ይላል።

እዚህ ላይ ከወፍ ወጥተን ወደ ሥነ ምግባር መግባታችን ነው። ችግር ያስገደደው ርዳታ ደግነት ይባላል ወይ? ሌላ በር የተዘጋበት ሰው በቀረው በር ሲገባ መረጠ እንላለን ወይ? በድርቅ ዓመት ትምህርቷን አቋርጣ እናቷ ቤት ታናናሾቿን የምታሳድግ ልጅ አናውቅም? ጎረቤት ሁሉ ያመሰግናታል። ምስጋናው ይገባታል፤ ግን ምስጋናው የተዘጋውን በር እንዳይሸፍንብን እንፈራለን። ችግር በቅቤ ያስበላል የሚለውን ተረት የሠራው ሰው ቀልደኛ ነው፤ ችግር ያመጣውን ነገር ሁሉ ጣፋጭ አድርገው ለሚያዩት የተዘጋጀ ቀልድ ይመስለናል።

ስለዚህ የንብ በሏ ምስክርነት ግማሽ ነው። ድርቅ ረዳት ያበዛል፤ ረዳት ማብዛት ግን ማስተማር አይደለም። በአንድ ወቅት ስለሚሆነው ሳይሆን ባሕርዩ ከየት መጣ ብንል መልሱ ይለወጣል። ደስቲን ሩበንስታይንና አይረቢ ላቬት እ.ኤ.አ. በ2007 የአፍሪካን ስታርሊንጎች በሙሉ አሰልፈው ሲመለከቱ፣ በኅብረት የሚያሳድጉት በብዛት የሚገኙት ዝናቡ በማይታመንበት የሳር ምድርና የግራር ምድር ውስጥ መሆኑን አገኙ። ጫካ ውስጥ፣ ዝናብ በማይቀርበት ቦታ፣ ጥንዶቹ ለየብቻ ይኖራሉ። ይህ ጥናት ሲወጣ ብዙ ሰው ያልተረጋገጠ ዝናብ ኅብረትን ወለደ ብሎ ተረጎመው። እኛም መጀመሪያ ስናነበው እንዲሁ ነበር ያልነው።

ከአሥር ዓመት በኋላ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ቻርሊ ኮርንዋሊስና ባልደረቦቹ በብዙ ሺህ ዝርያዎች ላይ የዘር ሐረጉን ወደ ኋላ እየቆጠሩ ቅደም ተከተሉን ሲፈትሹ ነገሩ ተገለበጠ። ኅብረት በደረቅ ምድር ይበልጥ ይወለዳል የሚል ማስረጃ አላገኙም። ያገኙት ሌላ ነው፦ አስቀድመው በኅብረት የሚያሳድጉ ወፎች ወደ ደረቁና ወደማይታመነው ምድር ገብተው መኖር ችለዋል። በደረቁ ምድር ኅብረተኞችን የምናየው ደረቁ ምድር ስላስተማራቸው ሳይሆን፣ ያልተማሩት እዚያ መቆም ስላቃታቸው ነው።

ይህን ዐረፍተ ነገር ደግመን ደጋግመን አነበብነው። ነገሩ ወለፈንድ አይደለም፤ ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ሩሲያዊው ልዑል ክሮፖትኪን ጠርጥሮት ነበር። በወጣትነቱ በሳይቤሪያ ሲዞር፣ በውርጭና በረሃብ የተመታ የእንስሳ መንጋ ከመከራው የሚወጣው ጎስቁሎና ጉልበቱን ጨርሶ እንደሆነ አይቷል። እ.ኤ.አ. በ1902 ባሳተመው የመረዳዳት መጽሐፉ መግቢያ ላይ፣ እንዲህ ባለ የመከራ ዘመን ላይ ምንም ዓይነት እድገት ሊገነባ አይችልም ይላል። መጽሐፉን «ችግር ያስተባብራል» ብለው የሚጠቅሱት ወዳጆቻችን መግቢያውን ዘለውት ይሆናል።

እስቲ ከዚህ ወደ ጁገል እንመለስ።

ሐረሪዎች የሰውን ትስስር በሦስት ስም ይጠሩታል። አህሊ ዘመድ ነው፣ የሥጋውም የጋብቻውም። መሪኝ ከልጅነት አብሮ ያደገ ባልንጀራ ነው። አፎቻ ደግሞ ሰው በአባልነት የሚገባበት፣ ለወንዱም ለሴቱም ለየብቻው የተቋቋመ፣ ለሠርግና ለለቅሶ የሚቆም ማኅበር ነው። እድር የሚያውቅ አንባቢ ግማሹን ገብቶታል፤ ልዩነቱ እድር ከሐዘን ይነሣል፣ አፎቻ ግን ሠርጉንም እኩል ይይዛል። ፒተር ኬንና ሲድኒ ዋልድሮን እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ አፎቻ ራሱን የቻለ ጥናት አሳትመዋል። አህሊን ለሃሚልተን፣ አፎቻን ለትራይቨርስ እያደሉ መጫወት ይቻላል፤ እኛም አንድ ምሽት ተጫውተንበታል። ጨዋታው ግን ቶሎ ይፈርሳል፤ ምክንያቱም በጁገል ውስጥ አንዱ ሰው በአንድ ጊዜ አህሊም መሪኝም አፎቻም ነው።

ቧንቧው ከሄደ ሁለት ሳምንት ባለፈው በአንድ የበጋ ወራት፣ ከሱቅጣጥ በር (ሰንጋ በር) ዝቅ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ አንዲት አሮጊት እናት ቤት ገብተን ነደባው ላይ ተቀምጠን ነበር። ውጭ ጀሪካን ተሰልፏል። ቢጫው ረድፍ የአጥሩን ጥግ ይዞ ይዞራል፤ ባለቤቶቹ ግን የሉም፤ ጀሪካኑ ራሱ ተራ ይጠብቃል። ማንም አይነካውም።

«እናታችን፣ እንዲህ ውሃ ሲጠፋ፣ ድርቅ ሲመጣ፣ አፎቻ ይበረታል ወይስ ይላላል?» አልናቸው።

ሳቁብን። «ልጆቼ፣ አፎቻ በድርቅ ቀን አይገባም እኮ» አሉ። «በድርቅ ቀን ልግባ ብሎ የመጣውን ማን ያውቀዋል? እኔ የገባሁት ስዳር ነው። የኔን ሠርግ የሠሩትን ሴቶች፣ ልጆቻቸው ሲዳሩ ሄጄ ሠራሁላቸው። ባሌ ሲሞት እነሱው መጡ። አሁን ከነሱ ስንቷ አለች? ሦስቷ። የቀሩት ልጆቻቸው ናቸው የሚመጡት። ያ ጀሪካን የሚነካ የሌለው ሌባ ስለሌለ መሰላችሁ?»

እኛ ሌባ ስለሌለ መስሎን ነበር።

የእኚህን እናት ንግግር በሌላ ቋንቋ ያገኘነው ወደ ስታርሊንጓ ስንመለስ ነው። በኬንያ ላይኪፒያ፣ ምፓላ በሚባል የምርምር ጣቢያ፣ የሩበንስታይን ሰዎች ከ2001 (እ.ኤ.አ.) ጀምረው የእነዚህን ወፎች ቡድኖች ይከታተላሉ። አንዱ ቡድን ከሰባት እስከ ስድሳ ወፍ ይይዛል። በውስጡ ዘመዳሞች አሉ፣ ከሌላ ቦታ መጥተው የተቀላቀሉ ባዕዶችም አሉ። ወፎቹ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በረጅሙና በአጭሩ ዝናብ፣ ይወልዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ጥናታቸው የሃያ ዓመት፣ ማለትም የ40 የመራቢያ ወቅቶች መዝገብ ላይ የቆመ ነው። ውጤቱም ይኸው ነው፦ ወፎቹ ዘመድን ያስቀድማሉ፣ ነገር ግን ዘመድ ያልሆነውንም ደጋግመው ይረዳሉ፤ ዘንድሮ የረዳችው ከዓመታት በኋላ ወላጅ ስትሆን፣ ያኔ የተረዳችው መጥታ ትረዳታለች። ሚናው ይለዋወጣል።

ይህ ለምን ቀድሞ አልታየም? አምስት ዓመት ብቻ ያየ ሰው አንዷ ስትሰጥ ሌላዋ ስትቀበል ብቻ ነው የሚያየው። «ይቺ ሞኝ ናት፣ ያቺ ብልጥ ናት» ብሎ መጻሕፍቱን ይዘጋል። ዕዳው የሚከፈለው ሰውየው ሻንጣውን ጭኖ ከሄደ በኋላ ነው። እኛም በአራት ዓመት ትምህርት ዓለምን ፈርደን ለመውጣት የምንቸኩል ሰዎች ይህ ነገር ትንሽ ሊያሳፍረን ይገባል።

የመጀመሪያው ጓደኛችን፣ የጭልፊቱ ወዳጅ፣ እዚህ ላይ መልስ አላጣም። «ይሄ ታዲያ ደግነት ሳይሆን ብድር ነው» አለን። ብድር በምድር! ጥሩ፣ ብድር ነው እንበል። ግን ምን ዓይነት ብድር ነው? ውል የለውም፣ ቀን የለውም፣ መጠን የለውም፤ አበዳሪው ሞቶ ተበዳሪው ሊቀር ይችላል። በሱቅ እንዲህ የሚያበድር ነጋዴ በወሩ ይዘጋል። እንዲህ ያለው ብድር የሚቆመው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለቱም በቦታቸው ሲኖሩ። ነገ እዚሁ እንደማገኝህ ካወቅሁ ዛሬ ምን ያህል እንደሰጠሁህ አልቆጥርም።

ድርቅ የሚያፈርሰው እንግዲህ ይህንን ነው። ብዙ ጊዜ ረሃብ የሰውን ልብ ያደነድናል ሲባል እንሰማለን። እኛ ግን ልብ ከመደንደኑ በፊት ሰፈር ይበተናል እንላለን። የሚተዋወቀው፣ እርስ በርሱ የሚበዳደረው፣ ሠርግና ለቅሶ የተቋጠረው ሰው አንዱ ወደ ከተማ፣ አንዱ ወደ መጠለያ፣ አንዱ ወደ ጅቡቲ ይሄዳል። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜና ማግስት በመንግሥት የሰፈራ ዘመቻ ብቻ 600,000 የሚሆን ሰው ከሰሜን ተነሥቶ ወደ ደቡብና ምዕራብ ተጓጓዘ። አንዳንዱ በግድ፣ አንዳንዱ ከቤተሰቡ ተነጥሎ። እህል ተሰጥቷቸዋል፣ መሬት ተመትሮላቸዋል፣ መኪና ቀርቦላቸዋል። ማን የማንን ልጅ ሠርግ እንደሠራ የሚያውቀው ሰው ግን አብሮ አልተጫነም። ከዚያ በኋላ አዲሱ ሰፈር ላይ አንዱ ሌላውን ሲነፍገው «አየህ የሰው ክፋት!» ማለት ፍርድ መጉደል አይሆንም?

ይህን ያህል ኅብረትን ስናወድስ አንባቢ ሊጠረጥረን ይገባል፤ ምክንያቱም ውዳሴው ለአንዳንድ ሰው በጣም ይመቸዋል። ውሃ ማምጣት ያለበት ሰው «ሕዝባችን መቼም የመረዳዳት ባህል አለው» ብሎ ንግግር አድርጎ ይወርዳል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባላል። እውነት ነው። ሎሚው ሃምሳ ሺህ ሲሆንስ?

ለዚህ መልስ የሰጠን ከደቡብ አፍሪካ ካላሃሪ የመጣ የወፍ ጥናት ነው። እዚያ ፓይድ ባብለር የምትባል ጥቁርና ነጭ ወፍ አለች፤ ኑሮዋ ሁሉ በቡድን ነው። አማንዳ ሪድሊና አማንዳ ቦርን (ሁለቱም አማንዳ ናቸው፣ የእኛ ስሕተት አይደለም) ከሌሎች ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ሥራ፣ ሙቀትና ድርቅ አብረው የመጡባቸውን ዓመታት መረመሩ። የጠበቁት ትልቁ ቡድን ከትንሹ የተሻለ ይተርፋል የሚል ነበር፤ ብዙ ረዳት፣ ብዙ ዘበኛ፣ ብዙ አፍ አቅራቢ አለና። የሆነው ግን ሌላ ነው። በሙቅ ድርቅ ዓመት በትልቁም በትንሹም ቡድን የወጣቱም የአዋቂውም ሞት ጨመረ። ብዛት አላዳናቸውም። ምክንያቱ ለማሰብ አይከብድም፤ የምትሞቀው እያንዳንዷ ወፍ ጥላ ሥር ቆማ አፏን ከፍታ ማለክለክ አለባት፣ ስታለከልክ አትለቅምም፣ ካልለቀመች ለማንም አታቀብልም። አሥር ረዳት ቢኖር አሥሩም ያለከልካሉ።

ስለዚህ ኅብረት ክፉውን ዓመት ከደጉ ዓመት ጋር ያቻችላል እንጂ ዝናብ አይሆንም። ደግ ዓመት መምጣቱን ካቆመ የሚቻቻል ነገር የለም። ከ2013 ዓ.ም. በልግ አስቀድሞ ጀምሮ በሶማሌና በቦረና አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲቀሩ የሆነው ይኸው ነው። እዚያ ያለው አርብቶ አደር ከብት የሞተበትን ዘመዱን ከመንጋው እየቀነሰ የሚያቋቁምበት ጥንታዊ ሥርዓት አለው፤ ግን የሁሉም ከብት በአንድ ጊዜ ሲያልቅ ማን ለማን ይቀንሳል? በ2008 ዓ.ም. የኤልኒኖ ድርቅ ምሥራቅና ምዕራብ ሐረርጌን ጨምሮ በአገሪቱ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ ርዳታ ጠባቂ ሲሆን፣ ጎረቤት ለጎረቤት አልሰጥም ብሎ አልነበረም።

የሐረማያንም ሐይቅ እዚህ ላይ ማንሣት አለብን። ይህ ሐይቅ ለሐረር ከተማ የሚጠጣ ውሃ ይሰጥ ነበር፤ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ደረቀ። ከዚያ ወዲህ ውሃው የተመለሰባቸው ዓመታት ቢኖሩም፣ ያኔ ሰዎች በመሬቱ ላይ በእግራቸው ተሻግረዋል። ያደረቀው ሰማይ ብቻ አይደለም። ጫትና አትክልት የሚያጠጣው ፓምፕ፣ ከተራራው የታጠበው አፈር፣ ለከተሞቹ የተሳበው ውሃ ተደማመሩ። እያንዳንዱ ገበሬ የራሱን ትንሽ ቱቦ ነው የዘረጋው፤ አንዳቸውም ሐይቅ አላደረቁም። እነዚያው ሰዎች ግን ልጅ ሲሞት አብረው የሚቀብሩ፣ ጎጆ ሲሠራ አብረው የሚያቆሙ ናቸው። ለለቅሶ ማኅበር ነበራቸው፣ ለሐይቁ ግን አልነበራቸውም። ይህ ነገር ከወፎቹ ሁሉ ይልቅ ያሳስበናል፤ ምክንያቱም ደግነት አልጎደለም፣ የጎደለው ደግነቱ የሚደርስበት ስፋት ነው።

ስለ ስፋት ካነሣን ደግሞ የመጨረሻውን ጥያቄ ማምለጥ አንችልም። አህሊ፣ መሪኝ፣ አፎቻ፤ ሦስቱም ክበብ ናቸው። ከክበቡ ውጭ ያለውስ? ድርቅ አባሮት ከገጠር መጥቶ ሸዋ በር ላይ የተቀመጠው ሰው የማንም አህሊ አይደለም፣ ብድር የሚመልስበትም ቀን የለውም። ስታርሊንጓ ለእንዲህ ዓይነቱ መልስ የላትም፤ ቡድኗ ግዛቱን ይጠብቃል፣ የገባው ባዕድም የሚረዳው ከገባና ከቆየ በኋላ ነው።

ሐረር ግን አንድ እንግዳ መልስ አላት፤ መልስ ከሆነ። በየዓመቱ በዓሹራ ሌሊት ለጅብ ገንፎ ይቀርባል፣ በቅቤ የራሰ። እንደሚነገረው ልማዱ የተጀመረው በጥንት የረሃብ ዘመን ነው፤ ጅቦቹ ተርበው ሰው መብላት ሲጀምሩ፣ አበው ተራራ ላይ ተሰብስበው መከሩና ገንፎ ሊያበሏቸው ቃል ገቡ። የግንቡም ሥር ለጅብ መግቢያ ተብለው የተተዉ ቀዳዳዎች አሉት። ጅቡ ገንፎውን ከግማሽ በላይ በልቶ ካስተረፈ ዓመቱ መልካም ነው፤ ጨርሶ ከበላው ወይም ከነጭራሹ ካልቀመሰው ክፉ ዓመት ነው ይባላል።

በዚህ ላይ ሳንስማማ ቀርተናል። ከመካከላችን ግማሾቹ ይህ ከፍርሃት የመጣ ግብር እንጂ ደግነት አይደለም አሉ፤ ጥርስ ያለው ገንፎ አገኘ፣ ጥርስ የሌለው ስደተኛ በር ላይ አደረ። ግማሾቻችን ደግሞ፣ በራሱ ረሃብ መሀል ሆኖ ከክበቡ ውጭ ያለውን አውሬ እንኳ «ይኼም ተርቧል» ብሎ ያሰበ ሕዝብ የክበብን ጠባብነት ያወቀ ነው አልን። ሁለቱንም ወገን አንድ ነገር ያስማማዋል፤ ገንፎው የተሠራው በረሃብ ዘመን ከሆነ፣ ዱቄቱና ቅቤው ከዚያ በፊት በነበረ ደግ ዓመት የተቀመጠ መሆን አለበት።

ይህን ጽሑፍ ከመጨረሳችን በፊት ባቢሌ ወርደን ነበር። በልጉ ዘግይቶ፣ መጥቶም ጥቂት ቀን ጥሎ ያቆመበት ጊዜ ነው። ከመንገዱ ሃምሳ እርምጃ ገባ ብሎ አንድ ግራር ላይ ጎጆ አገኘን፤ ከርቀት ቁጭ ብለን ቆጠርን። በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢያንስ አራት ወፍ ወደ ጎጆው ተመላልሷል። አንዷ ፌንጣ ይዛ መጣችና ቅርንጫፉ ላይ ቆማ ቆየች፤ ራሷ ትውጠዋለች ብለን ስንጠብቅ ገባችና ባዶ አፏን ወጣች። ሌላዋ ሁለት ጊዜ ምንም ሳትይዝ መጥታ ተመለሰች። እግራቸው ላይ ቀለበት የለም። የትኛዋ እናት እንደሆነች፣ የትኛዋ እህት፣ የትኛዋ ከሌላ ቆላ የመጣች፣ የትኛዋ የዛሬ ሦስት ዓመት ተረድታ የነበረች፣ የሚነግረን አልነበረም። አንድ የፍየል እረኛ ልጅ አጠገባችን መጥቶ ምን እንደምናይ ጠየቀን፤ ነገርነው። እሱም ትንሽ ቆሞ አየና ፍየሎቹ ርቀው ነበርና እየሮጠ ሄደ። መኪናው ጥሩምባ እስኪነፋልን ድረስ እየቆጠርን ቆየን።